ትሪውን ለልጆቹ ስጧቸው

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

እንደምን ሰነበታችሁ? እኔ ኮልፌ አካባቢ ባለ አንድ ዕድር ውስጥ የዕቃ ቤት ኃላፊ ነኝ። ሰታቴው፣ ሳፋው፣ ትሪው፣ ብርጭቆው፣ አግዳሚ ወንበሩ በእኔ ፊርማ ይወጣል፣ በእኔ ፊርማ ይገባል። ጡሩምባ በተነፋ ቁጥር ከዕቃው ጋር ለቅሶ ቤት እደርሳለሁ። የምጽፍላችሁም እዚያ ስለማየው ነገር ነው።

በቅርቡ ባደረግነው ጠቅላላ ስብሰባ አንድ አባል ሐሳብ አቀረቡ። ለቅሶ ቤት የሚያስተናግዱና ዕቃ የሚያጥቡ ሰዎች በክፍያ እንቅጠር አሉ። ምክንያታቸው የሚናቅ አይደለም። እናቶች ደክመዋል። ያን ትልቅ ሰታቴ የሚያነሱት ክንዶች አርጅተዋል። እኔ እጄን አውጥቼ "ልጆቻችንስ?" ብዬ ጠየቅሁ። አንዲት እናት "ልጆቹማ ጥናት ላይ ናቸው" አለች። ሌላዋ ቀበል አድርጋ "ቢመጡስ ምን ያውቃሉ? ብርጭቆ ሰብረው ነው የሚሄዱት" አለች። ብዙ ሰው በአዎንታ ራሱን ነቀነቀ። ጉዳዩ ለሚቀጥለው ስብሰባ ተላለፈ።

እኔ ግን ነገሩ ከሐሳቤ አልወጣ አለኝ። ሁለተኛዋ እናት ያለችው እውነት ነዋ! አያውቁም። አሥራ ስድስት ዓመት የሞላው፣ ሒሳብ በቃሉ የሚያሰላ፣ እንግሊዝኛ የሚያቀላጥፍ ልጅ ለቅሶ ቤት ትሪ ሲሰጠው ከየት እንደሚጀምር አያውቅም። ፊት የተቀመጡትን አዛውንት አልፎ ጓደኞቹ ዘንድ ይሄዳል። ለቄሱ በግራ እጁ ንፍሮ ያቀብላል። ከቀብር የተመለሰ ሰው በር ላይ ሊታጠብ ጎንበስ ሲል፣ ጆጉን ይዞ ቆሞ ያየዋል። ልጁ ባለጌ ሆኖ አይደለም። ቤቱ ውስጥ እንግዳ አስታጥቦ አያውቅም።

ሰው የልጆችን የቤት ውስጥ ሥራ እናትን ማገዣ ብቻ አድርጎ ያየዋል። ጉዳዩ እገዛ ብቻ ቢሆን ኖሮ ሠራተኛም ማሽንም ይተካው ነበር። እኔ የማምነው ሌላ ነው። ልጅ ሲያድግ ሰው መሐል የሚኖረውን ቦታ የሚለማመደው በሚላከው መልእክትና በሚሸከመው ዕቃ ነው።

ያደግሁት ከደብረ ብርሃን ወጣ ብሎ ባለ ገጠር ነው። ብርዱን የሚያውቅ ያውቀዋል። የዚያ አገር እናት ምድጃዋ ላይ ያለውን ረመጥ አመድ አልብሳ ታሳድራለች። አንዳንዴ ግን ይጠፋል። ያኔ ከጎረቤት እሳት ጭራ እንድትመጣ የምትላከው ትንሿ ልጅ ናት። ኩበቴን ይዤ እሄዳለሁ። እሳት ሊጭር የሄደ ልጅ ዘው ብሎ አይገባም። ደጅ ቆሞ ይጣራል። ሲገባ "እንደምን አደራችሁ" ይላል። የታመመ ካለ ይጠይቃል። "እናትሽ እንዴት አደረች? አባትሽስ ከገበያ ተመለሰ?" ሲሉኝ የሚነገረውን ተናግሬ የማይነገረውን እተዋለሁ። ሰባት ዓመት ሳይሞላኝ በመንደሩ ማን እንደታመመ፣ ማን እንደወለደች፣ ማን ከማን እንደተኳረፈ አውቅ ነበር። የትኛው ቤት ቶሎ ብዬ መውጣት እንዳለብኝ፣ የትኛው ቤት ቆሎ ሳይዘግኑልኝ እንደማይለቁኝም አውቅ ነበር።

ታላቅ ወንድሜ ጥጃ በመጠበቅ ጀመረ። ከዚያ በግ፣ ከዚያ ከብት። በጎቹ የሰው ገብስ ውስጥ ሲገቡ አባታችን ሽማግሌ ፊት ይቀርባል። ስለ ካሣው ይነጋገራሉ። ወንድሜ ከአባቴ ጎን ቆሞ ይሰማል። ጥፋቱ የእሱ፣ ዕዳው ግን የቤቱ ሁሉ መሆኑን ገና ጢም ሳያወጣ ተረዳው። ካደገ በኋላ ሰው ለሽምግልና ሲመርጠው አልገረመኝም።

እንግዳ ሲመጣ ደግሞ የምታስታጥበው የቤቱ ታናሽ ናት። ፎጣው ትከሻ ላይ ይጣላል። በአንድ እጅ ሳፋው፣ በሌላው ማንቆርቆሪያው። ቄስ ካሉ ከቄስ ይጀመራል፣ ከሌሉ ከታላቅ። ውሃው አይረጭም፣ በመሐልም አይቋረጥም። እንግዳው እጁን ሲያነሳ ነው የሚቆመው። ከዚያ "እደጊ፣ ተመንደጊ" ይባላል። ትንሿ ልጅ ሰው ሁሉ እየሰማ ተመረቀች። እንዲህ ያደገች ልጅ ሰው ፊት መቆም አያስፈራትም። ማን ማን እንደሆነም ቤቱን አንዴ ቃኝታ ታውቃለች።

ያ አስተዳደግ ግን አንድ ትልቅ ጉዳት ነበረው። ሴቷን ወደ ጓዳ፣ ወንዱን ወደ ደጅ አድርጎ ለሁለት ከፈለን። ወንድሜ ምድጃ አጠገብ ደርሶ አያውቅም። እኔም በግ ስንት እንደሚሸጥ አላውቅም ነበር። ይህ ክፍፍል ምን ያህል እንደሚያስከፍል የሚታየው ሞት ሲመጣ ነው። እኔ ደግሞ ሥራዬ ሆኖ አየዋለሁ።

አንድ ጎረቤታችን ሚስቱ ሞተችበት። ታታሪ ሰው ነው፣ ደግ አባት ነው፣ ሦስት ልጆች አሉት። ሰሞኑን ሙሉ ዕድሩ ነበረ፣ ዘመድ ነበረ፣ ምግቡ ከየቤቱ ይመጣ ነበር። ከዚያ ሁሉም ወደየቤቱ ተመለሰ። አርባዋ ሳይወጣ ልጠይቀው ስሄድ ትንሿ ልጅ ርቧት ታለቅሳለች። ሰውየው መደርደሪያውን ከላይ እስከ ታች ይከፍታል፣ ይዘጋል። ሽሮው የት እንደሚቀመጥ አያውቅም። አውጥቼ ብሰጠውም እንዴት እንደሚሠራ አያውቅም። የልጁ የክትባት ካርድ የት እንዳለ፣ የትኛው ዩኒፎርም የማን እንደሆነ አያውቅም። "እትዬ፣ በገዛ ቤቴ እንግዳ ሆንኩ" አለኝ። ይህ ሰው በስምንት ዓመቱ አንድ ሰው ድስት አሲዞት ቢሆን ኖሮ ያን ቀን የነበረበት ሐዘን ብቻ ይሆን ነበር። በሐዘኑ ላይ ይህ ሁሉ ባልተደረበበት።

ሌላዋ ደግሞ ባሏ የሞተባት ናት። እንጀራዋን፣ ዶሮ ወጧን፣ ቤት አያያዟን ሰፈሩ ይመሰክርላታል። ባሏ ሲሞት ግን የቤቱ ካርታ በማን ስም እንደሆነ አታውቅም ነበር። ባንክ ገብታ አታውቅም። የመብራት ሒሳብ የሚከፍለው እሱ ነበር። የባሏ ዘመዶች ወረቀት ዘርግተው "እዚህ ጋ ፈርሚ" ሲሏት ብዕሩን አንስታ ነበር። የዕድራችን ዳኛ በሰዓቱ ደርሰው "ቆይ፣ መጀመሪያ ይነበብላት" ባይሉ ኖሮ ምን እንደሚሆን እግዜር ያውቃል። ልጅ ሳለች ሱቅ የሚላከው፣ መልስ ቆጥሮ የሚያመጣው፣ ከአባቱ ጋር ቢሮ ለቢሮ የሚዞረው ወንድሟ ነበር። እሷ ደጅ ያለውን ዓለም የምታውቀው ሲወራ ሰምታ ነው።

ሁለቱም የተማሩትን አሳምረው ያውቃሉ። የተማሩት ግን የኑሮን ግማሽ ነው።

ሕጉ እንኳ ከእኛ ቀድሞ ሄዷል። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ባልን የቤተሰቡ አለቃ አድርጎ ነበር። ባል አገልጋይ መቅጠር ካልቻለ የቤቱን ሥራ ሚስት ራሷ እንድትሠራም ያዝዝ ነበር። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የቤተሰብ ሕግ ያን ሽሮ ባልና ሚስት ቤተሰባቸውን በእኩልነት እንዲመሩ ደነገገ። ይኸው ከሃያ ዓመት በላይ ሆነው። አሁንም ግን ብዙ ቤት እራት ሲያበቃ የምትነሳው ልጅቷ ናት። ወንድሟ ስልኩን ይዞ ሶፋ ላይ ይቀራል። እነዚህ ልጆች በየማታው የሚማሩት የተሻረውን ሕግ ነው ማለት ነው። የእኛ አገር ችግር ብቻም አይደለም። ዩኒሴፍ በ2016 እ.ኤ.አ. ባወጣው ሪፖርት፣ ከ5 እስከ 14 ዓመት ያሉ የዓለም ሴት ልጆች ከወንድ እኩዮቻቸው 40 በመቶ የበለጠ ጊዜ በቤት ውስጥ ሥራ እንደሚያሳልፉ ገልጿል።

ሶሲዮሎጂ ያጠናችው ልጄ ይህን ጉዳይ ሳነሳባት አንድ ጥናት ነገረችኝ። ካሮል ኤምበር የምትባል አሜሪካዊት ተመራማሪ በጎረቤታችን በኬንያ፣ ኦዩጊስ በሚባል አካባቢ፣ በሉኦ ሕዝብ መሐል ያጠናችው ነው። የታተመው በ1973 እ.ኤ.አ. ነው። እዚያም የጓዳ ሥራ የሴት ነው። ለሥራ የደረሰች ሴት ልጅ በሌለችበት ቤት ግን እናቶች ወንዶቹን ልጆች የሴት የሚባለውን ሥራ ያሠሯቸዋል። ኤምበር እነዚህን ወንዶች ልጆች ከሌሎቹ ጋር ስታስተያያቸው ጠበኝነታቸው ያነሰ ሆኖ አገኘችው። በተለይ እዚያው ቤት ውስጥ የሚሠራውን ሥራ የሠሩት።

ይህን ስሰማ የሰፈራችን አንድ ልጅ ፊቴ መጣ። ከአያቱ ጋር ነው የሚኖረው። አያቱን ወገባቸውን ስለሚያማቸው ሊጡን የሚያቦካው፣ እንጀራውን የሚጋግረው እሱ ነው። ለቅሶ ቤት ሲመጣ ማንም ሳያዘው ሻይ የሚፈላበት ጋ ይቆማል። ስንት ብርጭቆ እንደጎደለ እኔ ሳልጠይቀው ይነግረኛል። አንድ ጊዜ ልጇ የሞተባት እናት ሁለት ቀን እህል አልቀምስ ብላ ተኛች። ዘመዶቿ ለምነው ለምነው ተዉ። ይህ ልጅ አጠገቧ ተንበርክኮ አጥሚቱን በትንሽ ማንኪያ ሰጣት። ዝም ብሎ ነው የሰጣት። ወሰደችለት። የሰፈሩ ጎረምሶች "ሴታ ሴት" እያሉ ሊያሾፉበት ይሞክራሉ። የከፋ ቀን ሲመጣ ግን ትልልቆቹ ሰዎች ስሙን ጠርተው የሚያስፈልጉት እሱን ነው።

አሁን በጣም የሚከብደኝን ልናገር። በከተማችን ብዙ ቤት ልጆች ሥራ የማይሠሩት፣ ሌላ ልጅ ስለምትሠራላቸው ነው። "አስተምራታለሁ" ተብላ ከገጠር የመጣች። አሥራ ሦስት፣ አሥራ አራት ዓመት ቢሆናት ነው። የቤቱ ልጅ እኩያ ናት። ጎህ ሳይቀድ ተነስታ ቁርስ ትሠራለች። የእኩያዋን ጫማ ትጠርጋለች። ቦርሳዋን ተሸክማ እስከ ሰርቪሱ ትሸኛታለች። ማታ "ትምህርት ልሂድ" ስትል "ዛሬ እንግዳ አለ" ትባላለች። የቤቱ ልጅ ሶፋው ላይ ሆና "ውሃ!" ትላለች። ስሟን እንኳ አትጠራም። "ውሃ" ብቻ። እናትየው ትሰማለች፣ ምንም አትልም።

በዚያ ቤት ሁለት ልጆች ለአዋቂነት እየሠለጠኑ ነው። አንዷ ማዘዝን፣ ሌላዋ መታዘዝን። ልጄን ከሥራ አሳረፍኳት የምትል እናት ልብ እንድትል የምፈልገው ይህን ነው። ልጅቷ አላረፈችም። ሰው ከበታቿ እንዳለ እየተማረች ነው። ይህች ልጅ ነገ የቢሮ ኃላፊ ስትሆን ጽዳት ሠራተኛዋን በስሟ ትጠራለች? ሌላዋስ ነገ ዓረብ አገር ሄዳ አሠሪዋ ደመወዟን ስትከለክላት "መብቴ ነው" የምትልበትን አንደበት ከየት ታምጣው? በገዛ አገሯ፣ በገዛ ቋንቋዋ ስሟ ያልተጠራ ልጅ እኮ ናት።

ስለዚህ "ልጆች ይሥሩ" ስል የማንንም ልጅ ጉልበት መበዝበዝን ማለቴ እንዳልሆነ ግልጽ ይሁን። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 36 ልጅ ጉልበቱን ከሚበዘብዝ ልማድ፣ ትምህርቱንና ጤናውን ከሚጎዳ ሥራ እንዲጠበቅ ይላል። በ1982 ዓ.ም. እዚሁ አዲስ አበባ የጸደቀው የአፍሪካ የሕፃናት መብትና ደኅንነት ቻርተር ደግሞ በ31ኛው አንቀጹ ልጅም ግዴታ አለበት ይላል። ለቤተሰቡ አንድነት መሥራት፣ ወላጆቹንና ታላላቆቹን ማክበር፣ ሲቸግራቸው መርዳት። ሁለቱን አብሮ ማስኬድ ይቻላል። ሃያ ሊትር ጀሪካን ሃያ ኪሎ ነው። ያን የስምንት ዓመት ልጅ ጀርባ ላይ መጫን ማሳደግ አይባልም። የበላበትን ሳህን ማጠብ፣ አልጋውን ማንጠፍ፣ ጎረቤት ቡና መጥራት ግን ማንንም አልጎዳም። እኔ የምለካው እንዲህ ነው። ለገዛ ልጄ የማልሰጠውን ሥራ ለሰው ልጅ ከሰጠሁ ያ ብዝበዛ ነው።

ጥናቱስ ለሚሉኝ፦ ዕቃ ማጠብ ግማሽ ሰዓት አይፈጅም። ስልኩ ስንት ሰዓት እንደሚበላ ሁላችንም እናውቃለን። ደግሞስ የምናስጠናው ዩኒቨርሲቲ እንዲገባ አይደል? እዚያ ሲገባ ከማያውቃቸው ልጆች ጋር አንድ ዶርም ውስጥ ይኖራል። ልብሱን ያጥባል፣ ክፍሉን በተራ ይጠርጋል። ሌላ ከተማ ተመድቦ የነበረው ልጄ እንደነገረኝ፣ እነሱ ዶርም የመጀመሪያው ጠብ የተነሳው "ማን ይጥረግ" በሚል ነው። ቤቱ መጥረጊያ ይዞ የማያውቀው ልጅ ተራው ሲደርስ ውርደት መሰለው።

ቡና መጥራትን ካነሳሁ አይቀር፣ ይህን ነገር አደራ እላለሁ። አሁን ጎረቤት የሚጠራው በስልክ ሆኗል። ልጁን ላኩት። ኮንዶሚኒየም ብትኖሩም ደረጃውን ይውጣ። በር ያንኳኳ፣ ሰላምታ ይስጥ፣ "እማማ፣ እናቴ ቡና ደርሷል ብላለች" ይበል። ወንዱም ሴቷም። ሱቅም ላኳቸው፣ መልሱን ቆጥረው ይመልሱ። ሴቷን ልጅ ባንክ ይዛችኋት ሂዱ፣ ወረፋ ትያዝ፣ ፎርም ትሙላ። ወንዱ ሽንኩርት ይክተፍ፣ ዓይኑ ያልቅስ፣ ይለምደዋል።

ለሚቀጥለው ስብሰባ የማቀርበውን ሐሳብ ጽፌ ጨርሻለሁ። ከየቤቱ አሥራ ሁለት ዓመት የሞላው ልጅ በተራ ይምጣ የሚል ነው። በፈተና ሰሞን ቀርተው። ወንዶቹ ትሪና ዕቃ እጥበት ላይ ይመደቡ። ሴቶቹ ድንኳን ተከላውና መዝገቡ ላይ ይግቡ፣ መዋጮ ይሰብስቡ፣ ደረሰኝ ይቁረጡ። ትልልቆቹ አጠገባቸው ሆነን እናሳያቸዋለን፣ ቀስ አሉ ብለን ግን ትሪውን አንነጥቃቸውም። የሚያስታጥቡትን ደግሞ ታጣቢው ሁሉ ይመርቃቸው። ይህን በስብሰባው ቃለ ጉባኤ እንዲጻፍ እጠይቃለሁ። የሚሰበረውን ብርጭቆም ከዕቃ ቤቱ በጀት ለመሸፈን ተዘጋጅቻለሁ። አባላት ከተስማሙ በመጀመሪያው ዓመት የሚሰበር ብርጭቆ ለማንም ልጅ በቅጣት አይመዘገብበትም።

ሌላ ሰፈር ልጆችን ያሳተፈ ዕድር ካለ እንዴት እንዳደረጋችሁት በዚሁ ጋዜጣ ብትጽፉልኝ ትልቅ ውለታ ነው። በተለይ ተራውን እንዴት እንደደለደላችሁ፣ ልጄን አልክም ያለ ወላጅ ሲያጋጥማችሁ ምን እንዳላችሁት ማወቅ እፈልጋለሁ። ስብሰባችን ከፋሲካ በኋላ ስለሆነ ጽሑፋችሁን ይዤ ለመቅረብ ጊዜ አለኝ።

ከአክብሮት ጋር
የአንድ ዕድር ዕቃ ቤት ኃላፊ
ኮልፌ፣ አዲስ አበባ